ሚጣን መሸኘት

መቀስ ለሰው ጎንበስ ብላ አታውቅም። ልብስ ስትለካ እንኳ ደንበኛውን በርጩማ ላይ ታወጣዋለች እንጂ የሱሪውን ጫፍ ለማየት እሷ አትንበረከክም። "እኔ ወደ እግርህ ከምወርድ አንተ ወደ ዓይኔ ውጣ" ትለዋለች፤ ሰውየውም በርጩማው ላይ እንደ ሐውልት ይቆማል። መቀስ እናት አባቷ ያወጡላት ስም አይደለም። የሰፈሩ ሰው ነው ያላት፤ ጨርቅ ስለምትቆርጥ ብቻ ሳይሆን ምላሷም ከእጇ ስለማይተናነስ ነው። ፊት ለፊት ግን ሁሉም "እትዬ" ነው የሚላት። ፊት ለፊት መቀስ ያላት ሰው ሱሪው አጥሮ ይመጣለታል፤ አንድ ሁለቱ ሞክረው አይተውታል።

ታናሽ እህቷ ሌላ ፍጥረት ናት። ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይባል የለ፤ አንዷ እሾህ፣ አንዷ ጥጥ ሆነው ወጡ። ታናሺቱ ዕድሜዋን ሁሉ በአንድ የጥርስ ሐኪም ቤት ጓዳ ተቀምጣ ሰው ሠራሽ ጥርስ ስትሠራ ኖረች። የሰፈሩ ሽማግሌ ግማሹ በሷ ጥርስ ነው የሚስቀው። የመቀስ የፊት ጥርሶችም የሷ ሥራ ናቸው፤ ይህን ግን መቀስ ለማንም አትናገርም፤ ደፍሮ የሚጠይቃትም የለም።

ጥርስ ከሚሠራበት ከዚያው ነገር፣ በዚያው ሞረድ እየሞረደች፣ ታናሺቱ ከስንዝር እምብዛም የማትበልጥ ልጅ ሠራች። እንደ ሱቅ አሻንጉሊት ግትር አይደለችም። ትከሻዋ፣ ክርኗ፣ ጉልበቷ፣ ቁርጭምጭሚቷ ሁሉ ለየብቻ ተሠርቶ፣ ውስጥ ለውስጥ የሚያልፍ ቀጭን ላስቲክ ያያይዘዋል። እንደ ሰው ትቆማለች፣ ትቀመጣለች፣ አንገቷን ትሰብራለች። በየዓመቱ አዲስ ፊት ይሠራላታል። ዓመት በጨመረ ቁጥር ጉንጯ እየጎደለ፣ አገጯ እየወጣ፣ እግሯም በትንሽ በትንሹ እየረዘመ ይሄዳል።

ከዚያ ታናሺቱ በቅርጫት ይዛት ትወጣለች። ሣር ውስጥ፣ የድንጋይ አጥር ጥግ፣ ዝናብ ያቆረው ውኃ ዳር ታቆማትና ራሷ መሬት ላይ በሆዷ ተዘርግታ በካሜራ ታነሳታለች። ፎቶው ላይ አሻንጉሊት የለም። ጫካ ዳር የቆመች ልጅ አለች። ሐይቅ ማዶ አሻግራ የምታይ ልጅ አለች። ሐይቁ ትናንት የጭነት መኪና ጎማ የቆፈረው ጉድጓድ ነው፤ ጫካው የባለሱቁ ጓሮ አረም ነው፤ ፎቶውን ያየ ሰው ግን ይህን ቢነግሩትም አያምንም።

ሰው ምን አለ? የሚለውን አለ። "ባሏ ጥሏት ከሄደ ወዲህ ነካ አድርጓታል" አለ። መቀስ ደግሞ ሰው ከማለቱ በፊት ራሷ ብላዋለች። "አንቺ ሴትዮ፣" ትላታለች አናቷ ላይ ቆማ፣ "ሽበትሽ ከአሻንጉሊትሽ ቁመት በለጠ። ተነሽ ከመሬት፣ ሰው አየሽ።" ታናሺቱም ዓይኗን ከካሜራው ሳትነቅል "ቆይ እታለም፣ ብርሃኑ ሊያመልጠኝ ነው" ትላታለች። አትነሳም።

እውነቱ ሲወጣ መቀስን የሚያንገበግባት የሰው ወሬ አልነበረም። የመጀመሪያውን ፊት ያየች ዕለት ግራ ቅንድቡን ለሁለት የከፈለችውን ጠባሳ አይታለች። ያቺ ጠባሳ የሚጣ ናት። ሚጣ ለእናቷ፣ ለታናሺቱ፣ አንድ ነበረች፤ ሰባት ዓመት ሳይሞላት ትኩሳት ወሰዳት። ቅንድቧ የተሰነጠቀው ከመቀስ በርጩማ ላይ ወድቃ ነው። ካፖርት ልትለካ ወጥታ ነበር። ካፖርቱ ተቆረጠ፣ ሳይሰፋ ልጅቷ ሄደች። ከዚያ ወዲህ መቀስ ስሟን አንስታ አታውቅም፤ አሻንጉሊቷንም "ያቺ ነገር" ነው የምትላት። እባክሽ ልብስ ስፊላት ስትባል "ነፍስ ለሌለው አልሰፋም" ብላ ቋጨችው። ታናሺቱም መርፌ ስለማይሆንላት ጨርቁን በማጣበቂያ እያጣበቀች አለበሰቻት። የተጠማዘዘ ኮሌታዋን ባየች ቁጥር መቀስ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች።

አሁን ታናሺቱ ተኝታለች። ልቧ ደክሟል። ሐኪሙ መቀስን ወደ በሩ ወሰድ አድርጎ በሹክሹክታ ነገራት። "ለምን ታንሾካሹካለህ? ልቧ ነው እንጂ ጆሮዋ አልታመመም" አለችው። ግን የነገራትን በደንብ ሰምታዋለች። ጥሩ ብርሃን የሚገባው በመቀስ ክፍል ብቻ ስለሆነ አልጋዋን ለእህቷ ለቃ፣ ራሷ ከስፌት መኪናው አጠገብ ባለው አግዳሚ ላይ መተኛት ጀመረች።

አንድ ጠዋት ትራሷን ስታስተካክልላት ታናሺቱ እጇን ያዘቻት።

"እታለም፣ ሚጣ ዘንድሮ ከቤት መውጣት አለባት።"

መቀስ ስሙን ስትሰማ እጇ ትራሱ ላይ ቀረ። "የት ልትሄድ?"

"ወደ ራሷ ኑሮ። ትልቅ ሰው ሆናለች። እኔ መሄዴ ነው። እሷን ሳልሸኝ ብሄድ ማን ጋ ልትቀመጥ ነው?"

መቀስ "የትም አትሄጂም፣ አፍሽን ዝጊ" ልትል ነበር። ነገር ግን መቀስ ስድብ ይወጣታል እንጂ ውሸት አይወጣትም። ዋጥ አደረገችው።

"ማን ጋ ትላለች እንዴ። እኔስ ሰው አይደለሁ?"

"አንቺ ጋ መደርደሪያ ላይ ነው የምትቀመጠው። ዕቃ አትጥይም፣ አውቅሻለሁ። በየሳምንቱ አቧራ ታራግፊላታለሽ። እኔ አቧራ እንዲራገፍላት አይደለም ያሳደግኳት።"

"እና ምን ይሁን ነው የምትይው?"

"አንድ ፎቶ። ጠዋት፣ ፌርማታው ላይ። ሻንጣዋን ይዛ፣ ጀርባዋን ለኛ ሰጥታ፣ ፊቷን ወደ አውቶቡሱ አድርጋ። ስትሄድ ልያት። ከዚያ በኋላ አላስቸግርሽም።"

"አንቺማ ቆመሽም አስቸግረሻል፣ ተኝተሽም ታስቸግሪያለሽ።" መቀስ ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ ሳበችላት። "ምን ለብሳ ነው የምትሄደው? ያንን በሙጫ የተለጠፈ ቡትቶ? የኛ ቤት ልጅ እንደዚያ ሆና መንገድ አትወጣም።"

ታናሺቱ ዓይኗን ጨፍና ፈገግ አለች።

መቀስ የዚያን ዕለት ደንበኛ አልተቀበለችም። የመሳቢያዋን የታችኛውን ክፍል ከፈተችና ከሥር፣ በንጹሕ ጨርቅ የተጠቀለለውን አወጣች። ወፍራም ቀይ ሱፍ ነው። ሁለት የፊት፣ አንድ የጀርባ፣ ሁለት እጅጌ፤ የጠመኔው ምልክት እንኳ አልጠፋም። ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ብዙ አየችው። በዕድሜዋ የቆረጠችው ጨርቅ ቢቀጣጠል አገር ያለብሳል፤ እጇ ጨርቅ ላይ ሲያመነታ ግን ያኔ የመጀመሪያዋ ነበር። ከዚያ ቆረጠችው። ትልቁን የልጅ ጀርባ ቆርጣ ትንሹን የትልቅ ሴት ጀርባ አወጣችበት።

ሬዲዮ የመጣችው ይህን ስትሠራ ነው። ሬዲዮ ጎረቤታቸው ናት፤ የሰፈሩ ወሬ ሁሉ በሷ በኩል ስለሚያልፍ ነው እንደዚያ የተባለችው፤ እሷም ስሙን አትጠላውም።

"ምንድን ነው እሱ ደግሞ፣ ለድመት ነው?" አለች አንገቷን አስግጋ።

"ለአንቺ አፍ ክዳን ነው።"

"ገበርም ታደርጊበታለሽ? ማን ሊያየው?"

"ገበር ለሚያይ አይደለም፣ ለሚለብስ ነው" አለች መቀስ ቀና ሳትል። ሬዲዮ ትንሽ ቆማ የሚወሰድ ወሬ ስታጣ ሄደች።

ካፖርቱ በእጅ ተሰፋ። እንዲህ ላለ ነገር መኪና አይገባም። ቁልፎቹ ከአሮጌ የጆሮ ጌጥ የተነቀሉ ጥቋቁር ዶቃዎች ናቸው። ሻንጣ ደግሞ ከክብሪት ቀፎ ሠራች፤ ከቦርሳ የተረፈ ቁራጭ ቆዳ አልብሳ መያዣ አደረገችለት። ሲያልቅ ወስዳ እህቷ ደረት ላይ አስቀመጠችው። ታናሺቱ ጨርቁን በጣቷ ዳሰሰችው። አገላበጠችው። ገበሩን አየች። ከዚያ ዳሰሳዋ ቆመ።

"እታለም፣ ይሄ ጨርቅ…"

"አዎ፣ ነው። ልበሺ በያት።"

ሁለቱ ሆነው አለበሷት። አንዷ ክንዷን ያዘች፣ አንዷ ቁልፉን ቆለፈች።

ቀጥሎ ትምህርቱ መጣ። ታናሺቱ በትንሽ ትንፋሽ እያረፈች ነገረቻት። ከጫማዋ ሥር ለጥርስ ከሚሆነው ሰም ቅንጣት አድርጊ፣ ንፋስ እንዳይጥላት። ሁለቱን እግር እኩል አታድርጊ፤ እኩል የሚቆመው ወታደር ነው ወይ ሬሳ። አንዱን ጉልበት አላላው፣ ክብደቷ በሌላው ይሁን፣ ሻንጣው ያለበት ትከሻ ዝቅ ይበል። አውቶቡሱ ይራቅ፣ እሷ ትቅረብ። ፀሐይ ከጣሪያ ሳትወጣ፣ ብርሃኑ በጎን ሲመጣ፣ ያኔ ነው። ካሜራው የትኛው ጋ እንደሚጫን አሳየቻት። መቀስም "በመርፌ ቀዳዳ ክር ያስገባች ሴት ይሄ ይጠፋታል?" ብላ ካሜራውን በአንገቷ አንጠለጠለች።

በማግሥቱ ማለዳ ወጣች። ፌርማታው ከቤታቸው ብዙም አይርቅም፤ ባለሱቁ በሩን ሲከፍት የመጀመሪያው አውቶቡስ ከላይ መንገዱ ዳር ቆሞ ሞተሩን ያሞቃል። መቀስ ሰው እንዳያያት ግራ ቀኝ ቃኝታ፣ ሚጣን ከእግረኛው መንገድ ጫፍ ላይ ተከለች። ጉልበቷን አላላች፣ ትከሻዋን ዝቅ አደረገች። ከዚያ እንደ ቆመች፣ ካሜራውን ወደ ታች አዝምማ፣ ቀጭ አደረገች። በኪሷ ከተተቻትና ምንም እንዳልሠራ ሰው ተመለሰች።

ታናሺቱ በካሜራው ጀርባ ባለችው ትንሽ መስታወት ፎቶውን አየች። አየችና ወደ ጎን አስቀመጠችው።

"ምን ሆነ?"

"መንገድ ላይ የወደቀ ዕቃ ነው ይሄ። ልጄ አይደለችም።"

"አልወደቀችም፣ ቆማለች፤ እኔ ነኝ ያቆምኳት።"

"ከላይ ሆነሽ ነው ያየሻት። አውቶቡሱም የለ፣ መንገዱም የለ፣ አናቷ ብቻ ነው የሚታየው። በሷ ዓይን ልክ ውረጂ።"

"እኔ?"

"ካሜራው መሬቱን ይሳም። ያኔ ነው እሷም አውቶቡሱም ያንድ አገር ሰው የሚሆኑት።"

መቀስ ቀኑን ሙሉ ጉንጯን ነፍታ ዋለች። ሰው መንገድ ላይ በሆዱ አይተኛም፤ ሰካራምና ሕፃን ካልሆነ። በዚህ ላይ ያ መንገድ የሷ መንገድ ነው፤ እሷ ስታልፍበት ሰው ከተቀመጠበት የሚነሳበት መንገድ ነው። ሌሊቱን ስታስብ አድራ መላ አገኘች። በማግሥቱ ማለዳ ሚጣን የባለሱቁ ግንብ ላይ አወጣቻት። ግንቡ ልክ የመቀስ አገጭ ጋ ይደርሳል። ጎንበስ ሳትል፣ ቀሚሷን ሳታቆሽሽ፣ ዓይን ለዓይን አነሳቻትና አውቶቡሱም ጭራው ገባላት። ደስ ብሏት ተመለሰች።

የዚያን ዕለት ታናሺቱ ካሜራውን መያዝ አልቻለችም። መቀስ ያዘችላት።

"ምን ላይ ነው የቆመችው?"

"ግንብ ላይ።"

"አውቶቡስ ለመሳፈር ሰው ግንብ ላይ ይወጣል?"

"አንዳንዱ ይወጣል።"

ታናሺቱ ሳቀች፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ፤ ሳሉ ሲለቃት ፊቷ አመድ መስሎ ቀረ። ትንፋሿ እስኪመለስ መቀስ ጀርባዋን ደገፈቻት። በእጇ የእህቷን አጥንት አንድ በአንድ ትቆጥር ነበር።

"ደግመሽ በርጩማ ላይ አወጣሻት፣ እታለም" አለች ታናሺቱ በመጨረሻ። የተቆጣ ድምፅ አልነበረም። "ሰውን ሁሉ ወደ አንቺ ታወጪዋለሽ። እሷን እንኳ። አንድ ቀን አንቺ ውረጂ።"

መቀስ ዞር ስትል በርጩማው ከክፍሉ ጥግ ሆኖ ያያት መሰላት። ደሙ ያን ጊዜውኑ በውኃ ታጥቧል፤ እንጨቱ ምንም ምልክት የለውም። ውድቀቱ አይደለም ልጅቷን የገደላት፤ ይህን ሁሉም ያውቃል፣ መቀስም ታውቃለች። ቢሆንም ሚጣ በርጩማው ላይ ሆና "አክስቴ፣ ያዞረኛል" ስትላት "ቀጥ በይ፣ የኛ ቤት ልጅ አያዞራትም" ብላታለች። ያዞራት ትኩሳቱ ጀምሯት እንደሆነ ማን ያውቃል።

መቀስ "ቀሚሴስ?" አለች።

"ይታጠባል።"

"ክብሬስ?"

"እሱን ባለሱቁ ጋ አደራ አስቀምጪው። ስትነሺ ይመልስልሻል።"

በሦስተኛው ማለዳ መቀስ ስትወጣ ታናሺቱ በቀስታ ነበር የምትተነፍሰው። ቅርጫቱን ይዛ፣ በሯን ክፍት ትታላት ሄደች።

ፌርማታው ላይ ሰው ነበረ። ሁለት ሴቶች፣ አንድ የጥበቃ ዩኒፎርም የለበሰ ሰው፣ ባለሱቁ በሩ ላይ፣ ሬዲዮም እንደ ልማዷ ሥራ ሳይኖራት በማለዳ ወጥታለች። መቀስ ማንንም አልቃኘችም። ሚጣን አቆመች። ሰሙን ከጫማዋ ሥር ጫነች። ሻንጣውን አስያዘቻት። "እናንተ፣ ወዲያ በሉ፣ ብርሃኑን ከለከላችሁን" አለች፤ ሰዎቹም ምን ብርሃን እንደሆነ ሳይገባቸው ተንፏቀቁ። ከዚያ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ ወደ ጎን አደረገች። መጀመሪያ በአንድ ጉልበቷ፣ ቀጥሎ በሁለተኛው፣ ቀጥሎ በእጆቿ ወረደች። አጥንቷ እንደ ደረቅ እንጨት ጮኸ። በሆዷ ተዘረጋች።

ጉንጯ ሊነካው የደረሰው አስፋልት ቀዝቃዛ ነበር፤ የዘይትና የአቧራ ሽታ ነበረው።

"ውይ በሞትኩት፣ ወደቅሽ እንዴ?" አለች ሬዲዮ እየሮጠች።

"አልወደቅኩም። ተኝቼ ነው።"

"መንገድ ላይ?"

"አልጋዬ ተይዟል። ከፊቴ ዞር በይ።"

አንዱ ከኋላ ሊስቅ ሲል ባለሱቁ "ተው" ያለው ተሰማት።

ዓይኗን ካሜራው ላይ አደረገች። መጀመሪያ ጭጋግ ነበር። ትንሽ ራቅ፣ ትንሽ ቀረብ አደረገችው። ከዚያ ጠራ።

ከፊቷ ሰፊ መንገድ ነበር። ጠጠሩ ድንጋይ ሆኗል፤ የአስፋልቱ ስንጥቅ የደረቀ ወንዝ ሆኗል። ከሩቅ አውቶቡሱ መብራቱን አብርቶ ቆሟል፤ ፀሐይ በጎን መጥታ የሁሉንም ጥላ አስረዝማለች። ከዚህ ሁሉ ፊት፣ በቀይ ካፖርት፣ አንድ ትከሻዋ በሻንጣ ዝቅ ያለ፣ አንዲት ሴት ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች። መቀስ ያንን ትከሻ ታውቀዋለች። የእህቷ ትከሻ ነው፤ ከዚያ በፊት የእናታቸው። ዕድሜ ልኳን ስትለካው የኖረችው ትከሻ ነው። ከታች ሆና ያየችው ግን ያን ዕለት ብቻ ነው፤ ከላይ ሲታይ የሚጎብጠው፣ ከታች ሲታይ ሰማዩን ይዞ ይቆማል። ካፖርቱ ልክክ ብሏል። አልጠበባትም፣ አልሰፋትም።

"ሚጣ" አለች መቀስ። ድምፁ ከአፏ እንዴት እንደወጣ አላወቀችም።

ጀርባዋን ሰጥታ ነው የተባለው። እንዲያ ነበር ትእዛዙ። መቀስ ግን ጣቷ መጫኛው ላይ እንዳለ ቆመች። ይቺ ልጅ አሁን ትሄዳለች። አልጋ ላይ ያለችው አንዴ ነው የምታያት። ዞር ሳትል የምትሄድ ልጅ ምን ዓይነት ልጅ ናት? ክንዷን ዘረጋችና በሁለት ጣቷ ጭንቅላቷን ይዛ አንገቷን በመጠኑ ወደ ግራ አዞረችው፤ ጉንጯና ያቺ የተከፈለች ቅንድብ ብቻ እንድትታይ። ላስቲኩ ትንሽ ተቃወማት፣ ከዚያ ታዘዘ። እጇን ሰበሰበች። ተነፈሰች። ተጫነችው።

መነሳት ግን እምቢ አላት። ጉልበቷ የለም፣ ወገቧ የለም። አውቶቡሱ ተነስቶ መጥቶ አጠገቧ ቆመ፤ ሾፌሩ፣ ፂሙን ያሳደገ ወጠምሻ፣ ዘሎ ወረደ።

"እማማ፣ ምን ሆነው ነው?"

"ምንም አልሆንኩም። አንሳኝ። ቀስ ብለህ፣ ጆንያ አይደለሁም።"

አነሳት። አቧራዋን ሊያራግፍላት ሲል እጁን መታ አደረገችው። ከዚያ ዝቅ ብሎ ሚጣን አያት።

"የልጅ ልጅዎ አሻንጉሊት ናት?"

"የእህቴ ልጅ ናት።"

ሾፌሩ ሊስቅ ጥርሱን ገለጥ አድርጎ ፊቷን ሲያይ መልሶ ከደነው። መቀስ ሚጣን ከመንገዱ ላይ ነቅላ በመዳፏ ያዘቻት። ለቅርጫቱ ነበር ያነሳቻት። ግን እጇ ወደ ቅርጫቱ አልሄደም። ቤት ወስዳ የት ልታደርጋት? መደርደሪያ ላይ? ተሸኝታ ስታበቃ በማን ፊት ትመለሳለች?

"መጨረሻህ የት ነው?" አለችው።

"ከከተማው ዳር፣ ከድልድዩ ማዶ።"

"ይዘሃት ሂድ።"

"ለማን ላድርስልዎ?"

"ለማንም። ትሂድ ነው ያልኩህ። ወንበር ሥር እንዳትወረውራት ብቻ። መንገዱን የምታይበት አድርጋት።"

ተሳፋሪው ሁሉ በመስኮት እያየ ነው። ሾፌሩ አሻንጉሊቷን በሁለት እጁ ተቀበላት። ወጥቶ ከፊት መስታወቱ ሥር አቆማት፤ የጫማዋ ሰም ያዘላት። በሩ ተዘጋ። መቀስ አውቶቡሱ እስኪታጠፍ ቆማ አየችው። ከዚያ ነጠላ ጫማዋን ፈልጋ አጠለቀችና አቧራዋን ሳታራግፍ በሰፈሩ መሃል ወደ ቤቷ ሄደች።

ታናሺቱ ነቅታ ነበር። መቀስ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ካሜራውን ከፊቷ ያዘችላት። ብዙ አየችው። ዓይኗ ከመንገዱ ወደ አውቶቡሱ፣ ከአውቶቡሱ ወደ ካፖርቱ ሄደ። ከዚያ ቆመ።

"ዞር ብላለች" አለች።

"እኔ ነኝ ያዞርኳት። ጀርባዋን ብለሽ ነበር፣ አልሰማሁሽም። እናቷን ዞር ብላ ሳታይ የምትሄድ ልጅ ከዚህ ቤት አትወጣም። ካልወደድሽው…" ካልወደድሽው ደግሜ አነሳታለሁ እንዳትል፣ ልጅቷ የለችም።

"ተያት። ደግ አደረግሽ።" የታናሺቱ ዓይን ከፎቶው ላይ አልተነሳም። "የታለች አሁን?"

"ሄዳለች። አውቶቡሱ ወሰዳት።"

ታናሺቱ ቀና ብላ አየቻት። የእህቷ ፀጉር አቧራ ነው፣ ቀሚሷ ከደረቷ እስከ ጉልበቷ ጥቁር ዘይት ነው። ይቺ ሴት ለማጽናናት ብላ እንኳ እንደማትዋሽ ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት።

"ከፊት ነው የተቀመጠችው?"

"ከፊት። መስታወቱ ጋ።"

"ይበርዳት ይሆን?"

"ገበር አለው" አለች መቀስ።

ታናሺቱ ራሷን ነቀነቀች። እጇን በእህቷ ቆሻሻ ቀሚስ ላይ አሳረፈችና ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየችም፤ ሳምንቱ ሳይወጣ እንደ ተኛች ሄደች። መቀስ የመጨረሻ ልብሷን ለሌላ ሰፊ አልሰጠችም፣ ራሷ ሰፋችላት። ሬዲዮ ይህን ያህል ለምን ትደክሚያለሽ ስትላት የክሩን ጫፍ አስያዘቻት።

አውቶቡሱ በየማለዳው ያልፋል። መቀስ መስኮቷ ጋ ተቀምጣ ስትሰፋ ቀይዋ ነጥብ በመስታወቱ ሥር ስታልፍ ታያታለች፤ መርፌዋን ታቆማለች፣ ሚጣ ታልፋለች፣ መርፌዋ ይቀጥላል። ሾፌሩ መጨረሻው ጋ ጥሏት እንዳልመጣ ባየች ጊዜ አልገረማትም። ሰው ከቤት ወጣ ማለት አንድ ቦታ ተቀመጠ ማለት አይደለም።

ፀሐይ ቀዩን ስታደበዝዘው ከረመች። አንድ ማለዳ ታዲያ መቀስ ከመስኮቷ ሆና አንድ ነገር አየች። መንገድ ወጥታ እጇን ዘርግታ አውቶቡሱን አቆመችው። ፌርማታ አይደለም፤ ሾፌሩ ግን ቆመ።

"ምን ሆኑ እማማ?"

"ቁልፏ ላልቷል። ስጠኝ ወዲህ።"

"እማማ፣ ሰው ይቸኩላል እኮ።"

"ይቸኩል። ኮሌታዋ ተከፍቶ ነው እንዴ አገር ለአገር የምታዞራት?"

ሾፌሩ አቀበላት። መቀስ ሁልጊዜ ደረቷ ላይ የምትሰካትን መርፌ ነቀለች። በርጩማ የለ፤ ከመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና ሚጣን ጭኗ ላይ አስተኛቻት። ተሳፋሪው በመስኮት ያያል፤ አንዱ አጉረመረመ፣ ሌላው ዝም አሰኘው። ዶቃዋን በሁለት ዙር አጠበቀች፣ ቋጨች። መቀሷን ቤት ረስታዋለች። ጎንበስ አለች፣ ከካፖርቱ እስክትደርስ አንገቷን ሰብራ፣ ክሩን እህቷ በሠራችላት ጥርስ በጠሰችው።

"በል ሂድ" አለችው ሾፌሩን፣ መልሳ ስታቀብለው። "ሰው ይቸኩላል።"